የዓሣ እርሾ

ሰው አደራ ሲሰጥ ጥንቁቅ ሰው ይፈልጋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ዝርክርክ ሰው አደራውን ይረሳዋል፤ የተረሳ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይኖራል። የጥንቁቅ ሰው እጅ ግን አያርፍም።

ጥንቁቅ ነኝ። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ልጄ ሐያት በሕፃንነቷ አንዴ ካሳለች እኔ ሳምንቱን በሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም። ቦርሳዬ ውስጥ የራስ ምታት ክኒን፣ የቁስል ቅባት፣ ፋሻና የቁርጠት ሽሮፕ አይጠፋም። ለቅሶ ቤት ስገባ «ፋርማሲዋ መጣች» እየተባለ ቦታ ይለቀቅልኛል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ ከመድኃኒት ጋር ተጣጥፎ የሚመጣውን ወረቀት እንደ እኔ ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። የማይገባኝ ቦታ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ።

ሐያት ለጀማል ታጨች። ጀማል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የጅቡቲ መስመር ይሠራል። ጨዋ ልጅ ነው። እንከን ከተባለ ጉንጩ ላይ ብጉር ያበዛል። መጀመሪያ ቤቴ የመጣ ቀን ከሰላምታ ቀጥሎ የሰጠሁት ነገር ቅባት ነው። ተቀብሎ «አላህ ይስጥልኝ» አለ። ሐያት ግን ስንት ጊዜ እንዳኮረፈችኝ አትጠይቁኝ።

አባቱ ሐጂ ሰይድ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ዐረብ አገር ሠርተው ሲመለሱ ሌላው ሰው ወርቅና ምንጣፍ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው የዓሣ ፍቅር ይዘው መጡ። ጡረታቸውን ጠብቀው ግቢያቸው ውስጥ ኩሬ አስቆፈሩ። ከባለቤታቸው ጋር ለዑምራ ሊሄዱ ሲሉ አስጠሩኝ። እሳቸው ሲመለሱ በዚያው ግቢ፣ በዚያው ኩሬ ዳር ኒካህ ይታሰራል ተብሎ ቀን ተቆርጧል። ጀማል መንገድ ላይ ነው። እና ለዓሦቹ ሰው ሲፈለግ፣ «ከሐያት እናት የበለጠ ጥንቁቅ ከወዴት ይመጣል?» ተባለ።

«አደራ» አሉኝ ሐጂ። «ምግባቸውን ቆንጠር አድርገሽ መበተን ብቻ ነው። ሌላ ምንም አትንኪ።»

«ምን ዓይነት ዓሦች ናቸው?» አልኳቸው። ጥንቁቅ ሰው ይጠይቃል።

«ኮይ» አሉኝ።

ቆየሁ። ትልቅ ሰው «ቆይ» ካለ ነገሩን እያሰበበት ነው። እሳቸው ግን ዝም ብለው ያዩኛል፤ እኔም ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። ጥላችን ቦታውን እስኪቀይር ድረስ ቆምን ብል አጋነንሽ ትሉኛላችሁ። በመጨረሻ ባለቤታቸው፣ «ስማቸው ነው እኮ እህቴ! ኮይ ነው የሚባሉት» ብለው ገላገሉን።

እንዲህ ተጀመረ። ገና አማቾች ሳንሆን አማቼን አፍጥጬ አየሁ።

ዓሦቹ ያምራሉ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ብርቱካናማ። ከሁሉ ትልቁ ነጭ ላይ ቀይ የተደፋበት ነው፤ ከአፉ ግራና ቀኝ ጢም ስላለው ሐጂ «ሽማግሌው» ይሉታል። ምግብ ስበትን ሌሎቹ ይጋፋሉ፤ እሱ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ መንገድ ይለቁለታል። ከኩሬው አጠገብ ሰማያዊ በርሜል አለ። የኩሬው ውኃ በሞተር ተስቦ በበርሜሉ ውስጥ ያልፍና በቱቦ ተመልሶ ይወርዳል። ማጣሪያ ይሉታል። ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። ስፖንጅ፣ ጠጠርና የተቀዳደደ መረብ አለበት፤ ሁሉም ላይ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ተለጥፏል። ከግቢው ሁሉ የቆሸሸው ነገር ማጣሪያው ነበር። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። «አትንኪ» ተብያለሁ። ልቤ ግን እዚያው በርሜል ውስጥ ቀረ።

አንድ ጠዋት በሽማግሌው ጉንጭ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አየሁ። ክንፉም ላይ አለ። እንደ ሰሞሊና ፍሬ ደቃቅ፣ አንድ በአንድ የተቆጠረ የሚመስል። ያ ረቢ! ዓሣው የአማች፣ ኩሬው የኒካህ፣ አደራው የእኔ። ሐጂ ከተቀደሰ አገር ተመልሰው ሽማግሌውን በጀርባው ተንሳፎ ቢያገኙት በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? «ዓሣ ያላኖረች ሴት ልጇን እንዴት አድርጋ አሳድጋ ይሆን?» ቢሉስ? አይሉም። ቢያስቡስ?

የከብት መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

«እንስሳው ምንድን ነው?» አለኝ ሻጩ።

«ዓሣ።»

«ለምሳ የሚሆን ነው?»

«ለአማች የሚሆን ነው።»

ትንሽ አየኝ። «ለዓሣ የሚሆን የለንም እናቴ። ያለን የከብት፣ የበግና የዶሮ ነው።»

«የዶሮው እንዴት ነው የሚሰጠው?»

«በሚጠጡት ውኃ ይበጠበጣል። ለዓሣ ግን እንዳታደርጊው፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም።»

«ጎረቤቴ ዶሮ አላት» አልኩት። ውሸት አይደለም። አስካለ ዶሮዎች አሏት።

መንገዱን ሙሉ ወረቀቱን እያነበብኩ ተመለስኩ። ለዓሣ ይሰጥ የሚል ባይኖርም ለዓሣ እንዳይሰጥ የሚከለክል ቃልም የለበትም። ደግሞ አስቡት፤ ዶሮ የታመመች ቀን ውኃውን አልጠጣም ብላ ትሄዳለች። ዓሣ ወዴት ይሄዳል? የሚኖርበትን ነው የሚጠጣው። ለመድኃኒት የተመቸ እንስሳ ቢኖር ዓሣ ነው።

በጠበጥኩና አፈሰስኩት። ውኃው ቢጫ ሆነ። ነጠብጣቡ አልጠፋም። በማግስቱ ጨመርኩ። ነጠብጣቡ እንዲያውም የጨመረ መሰለኝ። በሽታው እልኸኛ ነው አልኩ። ከዚያ ነገሩ በራልኝ፦ የበሽታው ቤት በርሜሉ ነው! እኔ ወንዙን እያከምኩ ምንጩን ረስቻለሁ። የቀረውን መድኃኒት እንዳለ ማጣሪያው ላይ ገለበጥኩት። ቡናማው ዝልግልግ ከስፖንጁ እየተገነጠለ መውረድ ጀመረ። ወላሂ፣ ከልጄ እጮኝነት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀናት ሲያልፉ ውኃው ደፈረሰ፤ አፍንጫ የሚቆጠቁጥ ሽታ መጣ። ዓሦቹ ተሰብስበው አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መጀመሪያ የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን በጎኑ አዘንብሎ ሲቆም ሐያት ጮኸች።

«እማዬ፣ ምን አደረግሻቸው?»

«አከምኳቸው።»

ስልኳን አውጥታ መካ ደወለች። ድምፁ ይቆራረጣል።

«ሐጂ» አልኩ፣ «ዓሦቹ ያዛጋሉ።»

«መድኃኒት ጨመርሽ?»

እኚህ ሰው እንዴት አወቁ? «ትንሽ።»

«የት?»

«ኩሬው ውስጥ። ማጣሪያውም ውስጥ።»

«ማጣሪያው ውስጥ ለምን?»

«ቆሻሻው ያለው እዚያ ነዋ ሐጂ!»

ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» ልል ስል በትዕግሥት፣ ሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ «የሐያት እናት» አሉ፣ «ዓሣ ይሸናል። ሽንቱ መርዝ ነው። በርሜሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ተቀምጠው ያንን መርዝ እየበሉ ውኃውን ያጸዱታል።»

«ጀርም ማለትዎ ነው?»

«በጎ ጀርም።»

ዕድሜዬን ሙሉ ጀርም ስዋጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። በጎ ጀርም አለ ብሎ የነገረኝ የለም። ለካ እነሱም እንደ ሰው ናቸው፤ ክፉም ደግም አላቸው፤ እኔ ግን ሳልለይ ፈጀኋቸው።

«መድኃኒቱ እነሱን ገደላቸው» አሉ ሐጂ። «አሁን ዓሦቹ በገዛ ሽንታቸው እየታፈኑ ነው። ምግብ አቁሚ። ውኃ ቀይሪላቸው፤ ከቧንቧ እንደወረደ ሳይሆን በሌላ በርሜል ቆይቶ የክሎሪን ሽታው የወጣለትን። ማጣሪያው ደግሞ እርሾ ነበረው፤ እርሾውን ነው የገደልሽው። ቶሎ እርሾ ፈልጊና ጨም…» ተቆረጠ።

እርሾ! አልሐምዱሊላህ፣ በመጨረሻ የሚገባኝ ነገር ተናገሩ። እየሮጥኩ አስካለ ቤት ገባሁ።

«እርሾ አለሽ?»

«የአንቺው ምን ሆነ?»

«ለዓሣ ነው።»

አስካለ የተፈጨ በርበሬ ስትነፋ ነበር፤ ወንፊቱን አስቀመጠች። «ለዓሣ?»

«ሐጂ ናቸው ያዘዙት። ከመካ ደውለው።»

«ከመካ ከሆነማ ምን እላለሁ» አለች። እሷ ክርስቲያን ናት፤ ግን ከተቀደሰ ቦታ የመጣ ትእዛዝ አትመልስም። «ይልቅ የማሽላ ነው የፈለጉት፣ የጤፍ?»

ይህን አልጠየቅኳቸውም። ሁለታችን ቆመን አሰብን። «የአማች ዓሣ ነው» አለች በመጨረሻ፣ «በማሽላ አይሆንም።» በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ። ቢስሚላህ ብዬ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩት።

ውኃው አጓት መሰለ። ከታች የቀሩት ዓሦችም ወደ ላይ መጡ።

ሐያት እንደገና ደወለች። «ሐጂ፣ እርሾውን ጨምሬዋለሁ፤ ግን ባሰ» አልኳቸው።

«በዚህ ፍጥነት ከየት አገኘሽው?»

«ከጎረቤት። ከአስካለ።»

«አስካለ ኩሬ አላት እንዴ?»

«ኩሬ? ቡሃቃ ነው ያላት።»

ሐጂ በጣም ቀስ ብለው «የጤፍ?» አሉ።

«የነጭ ጤፍ» አልኳቸው፤ ንፉግ እንዳልመስላቸው።

ከስልኩ ውስጥ ባለቤታቸው ሲስቁ ይሰማኛል። ሐጂ ግን አልሳቁም፤ ዓሦቹ የእሳቸው ናቸው። «እርሾ ያልኩሽ ምሳሌ ነው እህቴ» አሉ። «ማጣሪያ የሚፈልገው የማጣሪያ እርሾ ነው። ደሴ ኩሬ ያለው አንድ ሆቴል አለ። አትክልተኛው ሙሄ ይባላል፤ ያውቀኛል። ከማጣሪያው የቆሸሸውን ስፖንጅ ለምኚው። እንዳይታጠብ! እንዳይደርቅ! ከኩሬው ውኃ ጋር በዕቃ አድርገሽ ይዘሽ ነይ። ሽማግሌው እስከዚያ ከቆየ…» አልጨረሱትም። በዚህ ጊዜ ስልኩ አልተቆረጠም።

አስካለና ሐያት ውኃውን በሌላ በርሜል በከረመው እየቀየሩ፣ ኩሬውን ደግሞ በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርገው እንዲያንቆረቁሩት፣ አየር እንዲገባው ተስማማን። እኔ ክዳኑ ሰፊ ጀሪካን ይዤ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ኮምቦልቻ ከታች እያነሰች ሄደች። አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ፤ እኔ የማስበው በጎኑ ያዘነበለውን ዓሣ ነው። ደሴ ደመና ለብሳ ጠበቀችኝ። ሆቴሉ ደርሼ ወደ ጓሮ ስዞር ቦቲ ጫማ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ኩሬው ዳር ጎንበስ ብለው አየሁ። በአንድ እጃቸው ጥቁር ስፖንጅ፣ በሌላው የውኃ ጎማ። ጎማው ውኃ ተፍቷል።

«አይታጠብ!» ብዬ ጮኽኩ።

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ቧንቧ ከመንካቴ በፊት ቧንቧውን የማጥብ ሴት። በረንዳ ላይ ምሳ የሚበሉት ሁሉ ዞሩ።

«ምነው እህቴ፣ ልጅ ወደቀብሽ?» አሉኝ ሰውዬው።

«ጋሽ ሙሄ እርስዎ ነዎት? ቆሻሻውን እፈልገዋለሁ!»

ጎማውን ዘጉት። «ከዚህ ሆቴል ሰው ብዙ ነገር ለምኖኛል» አሉ፣ «የአበባ ችግኝ፣ የተረፈ ዳቦ፣ አንዱ እንዲያውም ወንበር። ቆሻሻ ግን…»

ነገሩን ነገርኳቸው። የጤፉን ታሪክ ዘለልኩት። ስፖንጁን ከሁለት ቆርጠው ግማሹን ወደ ጀሪካኔ ሲከቱ፣ «ይሄኛው ነጣ ያለ ነው» አልኳቸው፣ «ያንን ከታች ያለውን ጥቁሩን ያድርጉልኝ።»

«ጮማውን ምረጪ» አሉኝ። እንደ ሉካንዳ ቤት ከፊት ከኋላ አገላብጬ መረጥኩ። ዝልግልግ ያለው፣ በጣት ሲነካ የሚያሟልጨው። ማሻአላህ አልኩ። ጋሽ ሙሄ ከኩሬያቸው ውኃ ሞሉልኝና «የእርሾ ዕቃ ባዶውን አይመለስም» ብለው ከኒካሁ ድግስ እንዳልረሳቸው አስታወሱኝ።

የደሴውን ሰኞ ገበያ በእግሬ ሳቋርጥ አንዲት ሴት ጀሪካኑን ይዛ፣ «አጓት ነው? ስንት ነው?» አለችኝ። የሚሸጥ አይደለም ብላት «ለምን ታሳይናለሽ ታዲያ» ብላ ተቆጣች። ሚኒባስ ውስጥ የባሰ ነበር። ጀሪካኑ አየር እንዳያጣ ክዳኑን ላላ አድርጌ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ፤ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል። ሽታው የክረምት ምድር ቤት ነው።

«ምንድን ነው የሸተተው?» አለ ረዳቱ።

ከኋላዬ አንድ ሰው አንገቱን አሰገገ። ቡናማውን ውኃ አየ፤ ሂጃቤን አየ። «እናቴ፣ ጠላ ነው?»

«አስተግፊሩላህ! እርሾ ነው።»

«የምን እርሾ?»

«የዓሣ።»

«ዓሣም ሊጥ ጀመረ በሉኛ» አለች ጥግ ያለች ልጅ፤ ከዚያ አልፈው ሐርቡ ከተማ ድረስ የሚሄዱት ሳይቀሩ እየሳቁ ኮምቦልቻ ገባን። እኔ አልሳቅኩም። በየመታጠፊያው ጀሪካኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ላጠፋቸው ስታገል ለኖርኩት ጀርሞች «አብሽሩ፣ ደረስን» እላለሁ።

ስደርስ አስካለ ጆግ እንደያዘች ናት፤ ክንዷ ይንቀጠቀጣል። ሐያት ዓይኗ ቀልቷል። ትንሿ ብርቱካናማ ሞታ ነበር። ሽማግሌው በጎኑ ነው፤ ግን ጢሙ ይንቀሳቀሳል። ስፖንጁን እንዳለ በርሜሉ ውስጥ ከተትነው። ውኃው አለፈበትና በቱቦው ወረደ።

«አሁንስ?» አለች አስካለ።

ሐያት ደውላ ጠየቀች። «እርሾው እስኪይዝ መጠበቅ ነው፤ ውኃ እየቀየራችሁ መጠበቅ። ሌላ መድኃኒት የለውም» አሉ ሐጂ።

ለአንዳንድ ሰው መጠበቅ ቀላል ነው። እኔ ውኃ ስጥድ ክዳኑን ስድስቴ የምከፍት ሰው ነኝ። ትንሽ ጨው ቢጨመር? ትንሽ ሎሚ? የሚያበረታ ነገር? እጄ በየሰዓቱ ወደ ቦርሳዬ ሲሄድ አስካለ አየችኝና ቦርሳውን ነጥቃ ወሰደችው። «እርሾ ጥለሽ በየደቂቃው ታማስያለሽ?» አለችኝ። «አላማስልም» አልኳት። «እንግዲያው ተቀመጪ።» ኩሬው ዳር ተቀመጥኩ፤ እጄንም ተቀመጥኩበት።

እየዋለ እያደረ ሽታው ቀነሰ። ውኃው ከአጓትነት ወደ ሻይነት፣ ከሻይነት ወደ ውኃነት ተመለሰ። የበርሜሉን ክዳን ስከፍት አዲሱ ዝልግልግ አሮጌው ጠጠር ላይ መዛመት ጀምሯል። እንዲህ ያማረ ቆሻሻ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ቀና አለ። ነጠብጣቡ ግን አሁንም ጉንጩ ላይ አለ፤ አልነካሁትም።

ሐጂ ሲመጡ ከበሩ ጀምሬ «አንዷ ሞታብኛለች» አልኳቸው። ባለቤታቸው «አላህ ይተካል፣ የጤፏን ንገሪኝ ይልቅ» ብለው እጄን ያዙ። ሐጂ ቀጥታ ወደ ኩሬው ሄደው ተንበረከኩ።

«በሽታ ብለሽ ያከምሽው የትኛው ነው?» አሉ ውኃውን እያዩ።

«ያው ሐጂ፣ ሽማግሌው ጉንጩ ላይ። ያ ነጫጩ። አሁንም አልለቀቀውም።»

አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። በጉዞው ሁሉ ያልሳቁትን ሳቅ ያን ዕለት ሳቁት፤ ባለቤታቸው ውኃ እስኪያመጡላቸው ድረስ።

«የሐያት እናት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ይሄ በሽታ አይደለም። ወንዱ ኮይ ወቅቱ ደርሶ ሴት ሲፈልግ ጉንጩ ላይ እንዲህ ያወጣል። ጤነኛ ስለሆነ ነው። ሙሽራ ነው እኮ ያከምሽው!»

ኒካሁ በተቆረጠለት ቀን ሆነ። ግቢው ሞላ፤ ኩሬው ጠርቷል፤ እንግዳው ሁሉ ዓሣ ያደንቃል። ስለ ጤፉ ያልሰማ እንግዳ አልነበረም፤ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ነበር የምትቀበላቸው። ጀማል ከመንገድ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ አዲስ ሱፍ ለብሶ መጣ። ፊቱን አየሁት። ጉንጩ ከጆሮው እስከ አገጩ በብጉር ተሞልቷል፤ እንደዚያ ቀን በዝቶበት አያውቅም።

እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። የቅባቱን ቱቦ ያዝኩት። ቀና ስል ሐጂ ከማዶ ያዩኛል። በአገጫቸው ብቻ ወደ ኩሬው ጠቆሙኝ።

ቱቦውን ለቀቅኩት። «ኮይ» አልኩት እጄን፤ ቦርሳዬንም ዘጋሁ።